ወንዝን በእግር ለመከተል የሚደረግ ዝግጅት

ጉዞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰው በሥራው ምክንያት ታዝዞ የሚሄደው ሲሆን፥ ሁለተኛው በገዛ ፈቃዱ አስቦ የሚነሣበት ነው። ለመጀመሪያው ጉዞ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤውን ይጽፋል፥ አበሉን ይከፍላል፥ መኪናውን ያዘጋጃል፤ ከተጓዡ የሚጠበቀው ሰዓቱን ማክበር ብቻ ነው። ለሁለተኛው ግን ጸሐፊውም፥ ገንዘብ ያዡም፥ ተጠያቂውም ራሱ ተጓዡ ነው። ስለዚህ ለደስታ የሚደረግ ጉዞ ለሥራ ከሚደረገው ይልቅ ብዙ ማሰብ ያስፈልገዋል። ይልቁንም ሰውዬው ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ እንደ ሆነ፥ ጉዞው የእርሱ ብቻ መሆኑ ይቀርና የቤተ ሰቡ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል።

እኔ በሞያሌ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ መኖር ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የተወለድሁት በትግራይ ደጋ ነው፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ትግርኛ ሲሆን፥ አማርኛን አጥብቄ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ሞያሌ አንድ ስም ይዛ ለሁለት መንግሥታት የተከፈለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2020 የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ ከተመረቀ ወዲህ በሁለቱ ወገኖች መካከል መመላለስ ከቀድሞው ቀሏል። ከሞያሌ ወደ ምዕራብ በኬንያ በኩል ሲሄዱ፥ ከኢትዮጵያ ተራሮች ግርጌ ሶሎሎ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በዚያች ከተማ የሚያስተምር አንድ የቦረና ተወላጅ ወዳጅ አለኝ። እርሱ አማርኛ ከእኔ ይማራል፤ እኔም ኦሮምኛ ከእርሱ እማራለሁ።

አንድ ቀን ስለ አገራችን ስንጫወት ይህ መምህር፥ «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ወንዝ ያየሁት ከመኪና መስኮት ነው፤ በዳሩ ቁጭ ብዬ አላውቅም» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ በሶሎሎ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት ብቻ ውኃ የሚሞላው፥ በቀረው ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ መውረጃ ነው ያለው። የቦረና ሕዝብም ከብቱን ሲያጠጣ የኖረው በወንዝ ሳይሆን በጥልቅ ጉድጓድ ነው። በኢትዮጵያ በኩል በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች ያሉት የቱላ ጉድጓዶች እጅግ ጥልቅ ከመሆናቸው የተነሣ፥ ብዙ ጐልማሶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው የቆዳውን ባልዲ እየዘፈኑ በመቀባበል ውኃውን ያወጡታል። የውኃው ተራም አባ ሄሬጋ በሚባል አስተዳዳሪ ይጠበቃል። ወንዝ ለዚህ ሰው ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ ባሰብሁ ጊዜ፥ «እንግዲያው ዳዋን ለአራት ቀን በእግራችን እንከተለው» አልሁት። የ13 ዓመቱ ልጄ ይህን ሰምቶ ኖሮ፥ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት ነሣኝ።

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ባለሥልጣኖች ይህን ገጽ እንደሚያነቡ ስለማውቅ፥ ወደ ዝግጅቱ ከመግባቴ በፊት ስለ ጥቂት ቃላት ልናገር። አማርኛ «ወንዝ» የሚለውን ግእዝ «ፈለግ»፥ ትግርኛ «ሩባ»፥ ኦሮምኛ «ላጋ» ይለዋል። ሰውና ከብት ወንዝን የሚሻገሩበት ስፍራ በኦሮምኛ «መልካ» ይባላል፤ ይህ ቃል በአማርኛም የታወቀ ሲሆን በብዙ የአገራችን የቦታ ስሞች ውስጥ ይገኛል። በሩቅ ተራራ ዘንቦ፥ ፀሐይ በሚያበራበት ቆላ ላይ ሳይታሰብ የሚመጣውን ውኃ አማርኛ «ደራሽ» ይለዋል። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሳይጠሩት ይደርሳልና። ትግርኛ ይህንኑ «ውሕጅ» ሲለው፥ ኦሮምኛ «ሎላ» ይለዋል። ደግሞም በአማርኛ «ገና» የልደት በዓል ሲሆን፥ በቦረና «ገና» ማለት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ታላቁ የዝናብ ወራት ነው። ስለዚህ አንድ የደጋ ሰው ከቦረና መንገድ መሪ ጋር «በገና እንገናኝ» ብሎ ቢቀጣጠር፥ እርሱ በደረቁ ወራት ሲጠብቅ መንገድ መሪው በዝናቡ ወራት ይመጣል።

ዳዋ በምሥራቅ ሲዳማና በጉጂ ደጋ ካሉት ምንጮች ተነሥቶ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ወንዝ ነው። በታችኛው ክፍሉ፥ እስከ ሱፍቱና እስከ ማንዴራ አካባቢ ድረስ፥ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ይሆናል። ይህ ድንበር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1907 በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መንግሥታት መካከል በተደረገ ውል፥ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1970 ከኬንያ ጋር በተደረገ ውል የተወሰነ ነው። ከዚያም ዳዋ በዶሎ አጠገብ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ጁባ የሚባለው ወንዝ ይሆንና የሶማሊያን ምድር አቋርጦ በኪስማዩ አጠገብ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በዳርቻው ግራርና ዘምባባ ይበቅላል፤ በውኃው ውስጥ አዞ አለ፤ በዙሪያውም ያለው አገር ሰው የሳሳበት በረሓ ነው።

ወዳጄ በመጀመሪያ ያሰበው የድንበሩን ክፍል ነበረ። በዚያ በኩል ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1989 መልካ ማሪ የተባለውን ብሔራዊ ፓርክ ስለ መሠረተች፥ ስፍራው ያምር እንደ ሆነ ጠርጥሮ ነው። ነገር ግን ድንበር የሆነ ወንዝ ለእግረኛ አይመችም። ውኃ ለመቅዳት የወረደ ሰው በየትኛው መንግሥት ምድር እንደ ቆመ አያውቅም፤ ጠባቂውም ሰውዬው መንገደኛ ይሁን ኮንትሮባንድ ነጋዴ አያውቅም። የጸጥታውም ነገር በዚያ በኩል የሚያስተማምን አይደለም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን የላይኛውን ክፍል፥ ማለት በመልካ ጉባ አካባቢ ያለውን መረጥን። በዚያ ስፍራ ወንዙ በሁለቱም ዳር በአንድ መንግሥት ሥር ነው፤ መንገድ መሪም ይገኛል።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ለባለቤቴ አነበብሁላት። እርስዋም አድምጣ ከጨረሰች በኋላ፥ «ጥሩ ነው፤ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፥ ብትሄድ አልከለክልህም። ልጁን ግን ምን አድርገህ ነው የምትወስደው?» አለችኝ። እናቴም በስልክ ይህን ሰምታ፥ «ዝወደይ፥ አጎትህን ረሳኸውን?» አለችኝ። የእናቴ ወንድም እኔ ከመወለዴ በፊት አህዮቹን እየነዳ ደረቅ ወንዝ ሲሻገር ሞቷል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበረ፤ አሸዋው ትኩስ ነበረ፤ ውሕጁ ግን ከተራራው ወርዶ እርሱንና አህዮቹን ወሰዳቸው። እናቴ ይህን በምትናገርበት ጊዜ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። እንግዲህ በእኛ ቤት ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ተረት አይደለም፤ የአንድ ሰው ስም ነው።

ነገሩን ሳሰላስል ከረምሁ። ልጁን ብተወው አይጐዳም፤ ነገር ግን ፍርሃትን ብቻ ይወርሳል። ብወስደው ደግሞ የሁለት እናቶችን ልብ በእጄ ይዤ እሄዳለሁ። ስለዚህ ለባለቤቴ፥ «ቃል አልሰጥሽም፤ ዕቅድ እሰጥሻለሁ። ዕቅዱ ካላሳመነሽ ልጁ ይቀራል» አልኋት። ተስማማች።

ከእኛ በፊት በአገራችን ወንዞች ላይ የተጓዙት ሰዎች ምን እንዳገኛቸው ለማወቅ ማንበብ ጀመርሁ። የኢጣሊያው ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1892 ተነሥቶ የጁባን መነሻ ሲፈልግ፥ አብሮት የወጣው ባልንጀራው ሻምበል ግሪክሶኒ በመንገድ ላይ ተለይቶት ሄደ። ከዚህ የምንማረው የጉዞ ጓደኛ የሚመረጠው ከመነሣት በፊት መሆኑን ነው። የመመለሻውም ሥልጣን በማን እጅ እንደ ሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ የተባለው ሌላው ኢጣሊያዊ ደግሞ የደቡብን አገር ሲመረምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1893 ዝሆን ሲያድን ዝሆኑ ገደለው። ከሞተ በኋላ በዕቃው መካከል ሊቃውንት ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁት ያማረ ወፍ ተገኘ፤ ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል። ነገር ግን ልዑሉ ወፉን የት እንዳገኘው የሚያስረዳ ማስታወሻ ስላልተገኘ፥ ሊቃውንት የወፉን መኖሪያ ሳያውቁ ብዙ ዘመን አለፈ። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያ ደቡብ በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ የለም፤ በነጌሌና በአሬሮ አካባቢ ባሉ ጫካዎችም ይኖራል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለልጄ አንድ ደብተርና እርሳስ ገዛሁለት፤ በየማታው ቀኑን፥ ስፍራውንና ያየውን እንዲጽፍ አዘዝሁት። ሳይጻፍ የቀረ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይሞታልና።

ስለ ዓባይም ያነበብሁት ጠቅሞኛል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ባለው ጊዜ ውስጥ የዓባይን አካሄድ ሲመረምር፥ የሸለቆው ወለል አላስኬድ ሲለው በአፋፉ ላይ በበቅሎ እየዞረ ካርታውን ሠራ። እንደ እኛ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በሻምበል ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ ትልቅ ጓድ በላስቲክ ጀልባዎች በዓባይ ላይ ወርዶ ነበረ። ይህ ጓድ ወታደሮችና ሐኪሞች፥ ሬዲዮና አውሮፕላን ነበሩት፤ ሆኖም ከጓዱ አንድ ሰው ወንዝ ሲሻገር ውኃ ወስዶት ሞተ። አውሮፕላን ያለው ከውኃ ካልዳነ፥ አንድ ግመል ይዘን የምንሄድ እኛ ምን ማድረግ ይገባናል? መልሱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ ወንዙን እንከተላለን እንጂ አንሻገርም። በዕቅዳችን ላይ የመጀመሪያው አንቀጽ ይኸው ነው።

የቀረውንም እንደሚከተለው ወሰንን።

አንደኛ፥ ስለ ጊዜው። ቦረና ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፤ ታላቁ ዝናብ ገና፥ ቀዝቃዛው ደረቅ ወራት አዶሌሳ፥ ትንሹ ዝናብ ሀገያ፥ ሞቃቱ ደረቅ ወራት ቦና ይባላል። ጉዟችን በቦና፥ ማለት በጥር ወር መጨረሻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውኃው ያንሳል፤ የልጁም ትምህርት ቤት በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ላይ ነው።

ሁለተኛ፥ ስለ ርቀቱ። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ እንሄዳለን። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብንሄድ በቀን 12፥ በአራት ቀን 48 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከ4 ሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ የአህያና የሞኝ ነው።

ሦስተኛ፥ ስለ ውኃ። በቆላ የሚሄድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያስፈልገዋል፤ አራት ሰዎች ነንና በቀን 20 ሊትር ነው። የወንዙ ውኃ ቢደፈርስ ወይም ወደ ዳሩ መውረድ ባይቻል የሁለት ቀን ስንቅ፥ ማለት 40 ሊትር በጀሪካን እንይዛለን። ይህ 40 ኪሎ ሸክም በመሆኑ ግመል መከራየት ግድ ሆነ። ከወንዝ የተቀዳው ውኃ አድሮ ከጠለለ በኋላ ይፈላል፤ ሳይፈላ ማንም አይቀምስም። የሚቀዳውም ባልዲ በገመድ ታስሮ እየተጣለ ነው፤ አዞ ባለበት ውኃ ጎንበስ ብሎ መቅዳት ክልክል ነው።

አራተኛ፥ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ቋንጣና ሻይ እንይዛለን። በሶውን እናቴ በእኛ አገር ወግ አዘጋጅታ፥ ጥሕኒ እያልን የምንጠራውን፥ ልትልክልን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አጎበር፥ ለሁላችን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፥ ፋሻና የወባ ምርመራ ከጤና ጣቢያ ምክር ጋር ይዘናል።

አምስተኛ፥ ስለ ፈቃድ። ለወረዳው አስተዳደር ጽፈናል፤ የአገሩን ሽማግሌዎችም እናነጋግራለን። የመንግሥት ደብዳቤ በር ይከፍታል፤ በበረሓ ግን በር የለም፥ ያለው ሰው ነው። ይህ ሕዝብ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ በቀሩበት፥ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በቆየው ድርቅ፥ ከብቱን አጥቶ ብዙ የተጐዳ ነው። በእርሱ ውኃና በእርሱ ሣር ላይ ለደስታ የሚያልፍ እንግዳ ትሕትና ይገባዋል።

ስድስተኛ፥ ስለ መመለስ። የመንገድ መሪያችን «ይብቃ» ካለ ያለ ክርክር እንመለሳለን። የየቀኑ ማደሪያችን የተጻፈበት ወረቀት በባለቤቴ እጅ ይቀራል፤ በስድስተኛው ቀን እኩለ ቀን ድረስ ድምፃችን ካልተሰማ ለወረዳው ታስታውቃለች።

ባለቤቴ ስድስቱንም አንቀጾች አንብባ፥ «ወረቀቱ መልካም ነው፤ ልጁ ግን ወረቀት አይደለም» አለች። ልክ ናት። ስለዚህ ባለፈው ወር፥ ሀገያ ሳይገባ፥ ልጁን ይዤ በሕጋዊው መንገድ ወደ ሶሎሎ ተሻገርሁና ከወዳጄ ጋር በተራራው ግርጌ ሁለት ሌሊት በድንኳን አደርን። የወዳጄ አጎት የሆኑ አንድ ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። በግመል ሲነግዱ ኖረው ዳዋን ከመቶ ጊዜ በላይ ያዩ ሰው ናቸው።

በመጀመሪያው ማታ ሽማግሌው ድንኳኑን አላስተከሉንም። አስቀድመው ልጄን፥ «አንተ ስፍራ ምረጥልን፤ እኛ እንከተልሃለን» አሉት። በፊታችን ደረቁ ላጋ ነበረ፤ አሸዋው እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ፥ ድንጋይና እሾህ የሌለበት፥ ነፋስም የማይገባበት። በዳሩ ላይ ያለው ከፍታ ግን ጠጠርና እሾህ ነው። ልጁ ወደ አሸዋው ወረደ፤ እኔም ዝም ብዬ አየሁት። ጥቂት ከሄደ በኋላ ቆመና አንገቱን ቀና አድርጎ አንዲት ግራር ይመለከት ጀመረ። ከዚያም፥ «አባዬ፥ ይህን ሣር ማን እዚያ ላይ ሰቀለው?» አለኝ። በእርግጥም ከራሴ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ተጠምጥሞ ነበረ። ማንም መልስ ሳይሰጠው ፊቱ ተለወጠ፤ ከአሸዋው ወጥቶ ወደ ጠጠሩ ሄደና፥ «እዚህ ነው የምናድረው» አለ። ሽማግሌውም በኦሮምኛ አንድ ቃል ተናግረው ራሱን ዳበሱት። ወዳጄ ሲተረጕምልኝ «አየ» ማለት ነው አለኝ።

በዚያች ሌሊት ሽማግሌው ስለ ዳዋ ብዙ አስተማሩን። የወንዙ ውኃ በድንገት ከደፈረሰ፥ አረፋና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ፥ በላይኛው አገር ዘንቧልና ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። ማታ ወንዙ በሚመጣበት አቅጣጫ በሩቅ መብረቅ ከታየ፥ በራስ ላይ ከዋክብት ቢያበሩም መታመን አይገባም። ድንኳን ከውኃው ዳር ቢያንስ 100 እርምጃ ርቆ፥ ግራሮቹ ላይ ከተሰቀለው ሣር ከፍ ብሎ ይተከላል። ልጄ ይህን ሁሉ በእጅ ባትሪ ብርሃን በደብተሩ ጻፈ።

ወደ ቤት በተመለስን ጊዜ ስለ ነገሩ እኔ አንድ ቃል አልተናገርሁም። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ለእናቱ አነበበላት፤ በግራርዋ ላይ ስለ ተሰቀለው ሣር ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ፥ «ይህን ለአያትህ በስልክ አንብብላት» አለችው። አነበበላት። እናቴ በወዲያኛው ጫፍ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። በመጨረሻ፥ «ወንድሜ ወደ ላይ የሚያይ ቢሆን ኖሮ» አለችና፥ ጥሕኒውን ለሦስት ሰው ሳይሆን ለአራት ሰው እንደምትልክ ነገረችን። ፈቃድዋ እንደ ሆነ በዚህ አወቅን።

በየክፍለ ሀገሩ ተመድባችሁ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ከምትሠሩበት ወረዳ አጠገብ አንድ ወንዝ አይታጣም። የወንዙን ስም በአገሩ ቋንቋ ጠይቁ፤ መልካው የት እንደ ሆነ፥ ደራሹ በየትኛው ወር እንደሚመጣ ከሽማግሌ ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ ዕቅዳችሁን ጽፋችሁ በቤታችሁ ውስጥ ለሚፈራ ሰው አንብቡለት። የሚፈራ ሰው የዕቅድ ጠላት አይደለም፤ ከሁሉ የሚበልጥ መርማሪ ነው። እኛ በጥር መጨረሻ እንነሣለን። ግመሉ ተከራይቷል፤ ጀሪካኖቹ ታጥበው በበረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ልጄም በየማታው ወደ ውጭ እየወጣ በሰሜን በኩል መብረቅ መኖሩን ይመለከታል።